አሮጌ ጌሚንግ ፒሲን በትንሽ ብር ማሻሻል፦ ከግራፊክስ ካርዱ በፊት የሚቀድሙ ነገሮች

ጌም መንቀራፈፍ ሲጀምር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ግራፊክስ ካርድ መግዛት ነው። ያለችውን ብር አራግፎ ካርዱን ይዞ ቤት ይገባል። ከዚያ ወይ ፓወር ሰፕላዩ (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ሳጥን) አይችለውም፣ ወይ ኬዙ ውስጥ አይገባም፣ ወይ ደግሞ በሰላም ይሠራና ጌሙ እንደ ድሮው መቆራረጡን ይቀጥላል። ብር ሲያጥር የቱ ይቅደም የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው፤ እዚህ የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

ለምሳሌ የምወስደው እኛ አገር በብዛት የሚገኘውን ዓይነት ማሽን ነው። ከቢሮ የወጣ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ1፣ 4ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ5፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ፣ ከጊዜ በኋላ የተጨመረበት እንደ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ያለ ባለ 2 ጊጋባይት ካርድ። የእናንተ ሌላ ቢሆንም አካሄዱ ያው ነው። ዋጋ በብር አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የምንዛሪው ነገር ስለተለወጠ ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር ለሚቀጥለው ወር አያገለግልም።

1. መጀመሪያ ያላችሁን እወቁ

ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርዳችሁ ክፈቱ። የፕሮሰሰሩን ስም፣ የማዘርቦርዱን ሞዴል፣ ራሙ የድሮው ዲዲአር3 ይሁን ከእሱ በኋላ የመጣው ዲዲአር4፣ በስንት ስቲክ እንደተሞላ ይነግራችኋል። ቀጥሎ ኬዙን ክፈቱ። ፕሮግራም የማይነግራችሁ ነገር አለ፦ ፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ፣ ለካርድ የሚሆን ባለ 6 ወይም ባለ 8 ፒን ገመድ መኖር አለመኖሩ፣ ለካርድ የተረፈው ቦታ በሴንቲሜትር። ሁሉንም በስልክ ፎቶ አንሱት። ሱቅ ስትሄዱ ፎቶውን ማሳየት በቃል ከማስረዳት ይሻላል።

ኬዙ ቀጭን ከሆነ፣ ማለትም ኤስኤፍኤፍ የሚሉት ዓይነት ከሆነ፣ የሚገባው ሎው ፕሮፋይል የሚባለው አጭር ካርድ ብቻ ነው። ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ ገዝታችሁ ክዳኑ አልዘጋ እንዳይላችሁ።

ስክሪናችሁንም እዩት። ቪጂኤ (የድሮው የስክሪን መሰኪያ) ብቻ ያለው አሮጌ ስክሪን ከሆነ ጂቲኤክስ 1050፣ 1650፣ አርኤክስ 580 እና ከእነሱ ወዲህ የመጡት ካርዶች በቀጥታ አይሰኩበትም፤ የቪጂኤ ሲግናል ጭራሹን አያወጡም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አዳፕተር ያስፈልጋል፣ እሱንም ሒሳብ ውስጥ አስገቡት።

2. የሚጎትተው የቱ እንደሆነ ለዩ

ኤምኤስአይ አፍተርበርነርን ጫኑ፤ ከእሱ ጋር ሪቫቱነር አብሮ ይመጣል። ጌም እየተጫወታችሁ ካርዱ፣ ፕሮሰሰሩና ራሙ ምን ያህል እየሠሩ እንደሆነ፣ ሙቀታቸውም ስንት እንደደረሰ ስክሪኑ ጥግ ላይ ያሳያችኋል። ሁልጊዜ የምትጫወቱትን ጌም ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ተጫወቱና ቁጥሮቹን ተከታተሉ።

ካርዱ ሳያቋርጥ ከ95 በመቶ በላይ የሚሠራ ከሆነ የደከመው ካርዱ ነው። ካርዱ 50 እና 60 ላይ ሲንከላወስ የፕሮሰሰሩ ኮሮች 100 የሚነኩ ከሆነ ችግሩ ፕሮሰሰሩ ጋ ነው። ራሙ ጢም ብሎ ከሞላ እሱ ነው። ጌሙ አዲስ ቦታ ሲገባ ብቻ ቀጥ ብሎ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ታስክ ማኔጀር ላይ ዲስኩን እዩት፤ 100 ላይ ተሰቅሎ ብታገኙት አይግረማችሁ።

ይህ ከተምታታባችሁ ቀለል ያለ መንገድ አለ። የጌሙን ሪዞሉሽን ከ1080 ወደ 720 አውርዱት። ፍሬሙ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) በደንብ ከጨመረ ካርዱ ነበር የተጨነቀው። ምንም ካልተለወጠ ግን አዲስ ካርድ ብትገዙም ለውጥ አታዩም። እንደ ቫሎራንት፣ ካውንተር ስትራይክ 2 እና ዶታ 2 ያሉት ፕሮሰሰሩን ነው በብዛት የሚጫኑት። ካርድ የሚበሉት ሰፊ ዓለም ያላቸውና ግራፊክሳቸው የከበደ ጌሞች ናቸው። አምስት ደቂቃ የማትፈጅ ሙከራ ናት፣ እባካችሁ ሳታደርጓት ገበያ አትውጡ።

3. ብር የማይጠይቀውን ሥራ ጨርሱ

ማሽኑን አጥፉ፣ ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ ከዚያ የፓወር ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኤሌክትሪክ አስወጡ። ውስጡን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን የኬዙ ብረት ላይ አሳርፉ። አቧራውን ለስላሳ በሆነ ደረቅ ብሩሽ አራግፉ፤ ፋኖቹን በጣታችሁ ይዛችሁ አጽዱ፣ በንፋስ ኃይል በፍጥነት ሲሽከረከሩ ይበላሻሉ። ግንባታ ያለበት ሰፈር የምትኖሩ ከሆነ በዚህ ብቻ የሚወርደው ሙቀት ቀላል አይደለም።

ፕሮሰሰሩ ጌም ላይ ከ90 ዲግሪ የሚያልፍ ከሆነ ቴርማል ፔስቱን (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባውን ቅባት) ቀይሩ። ከአሥር ዓመት በላይ የቆየ ማሽን ላይ ፔስቱ ደርቆ ዱቄት ሆኖ ነው የምታገኙት። የማቀዝቀዣውን ብሎኖች ፈትታችሁ የድሮውን በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ጥርግ አድርጉ፣ ከሽምብራ ያነሰች ጠብታ መሃሉ ላይ አድርጉ፣ ማቀዝቀዣውን መልሳችሁ ብሎኖቹን በመስቀልያ ቅደም ተከተል በየተራ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አጥብቁ። ፕሮሰሰር በጣም ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ይህ ሥራ ፍሬም ይመልሳል።

ክዳኑ ክፍት እያለ ራሙን እዩት። ሁለት ስቲክ ካላችሁ ዱዋል ቻናል (ሁለቱ ስቲኮች አብረው የሚሠሩበት ዘዴ) በሚሠራበት መንገድ መሰካት አለባቸው፤ ብዙ ቦርድ ላይ የቦታዎቹ ቀለም ይመራችኋል፣ ካልሆነ የቦርዱን ማኑዋል እዩ። የስክሪኑ ገመድ ደግሞ ካርዱ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አለመሰካቱን አረጋግጡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፣ ካርዱ ዝም ብሎ ተቀምጦ ጌሙ በፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ደካማ ግራፊክስ ይሠራል።

ከዚያ ከማሽኑ ጋር አብረው የሚነሱትን አላስፈላጊ ፕሮግራሞች ዝጉ፣ የካርዱን ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) አጽድታችሁ እንደ አዲስ ጫኑ። አሁን መልሳችሁ ለኩ። አንዳንዱ ሰው እዚህ ላይ ይበቃዋል።

4. ኤስኤስዲ

ዊንዶውሱ አሁንም ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ የመጀመሪያዋን ብር ኤስኤስዲ ላይ፣ ማለትም የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ ላይ አውጡ። ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ወይም 150 ሜጋባይት ቢያነብ ነው፣ በሳታ ገመድ የሚሰካ ኤስኤስዲ ወደ 550 ይጠጋል፤ ትንንሽ ፋይሎችን በማንበብ ላይ ያለው ልዩነት ደግሞ ከዚህ እጅግ የሰፋ ነው። ኤስኤስዲ ፍሬም አይጨምርም፣ መቆራረጡን ግን ያስታግሳል።

ለ4ኛ ጀነሬሽን ማሽን የሚሆነው ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ነው። ኤንቪኤምኢ የሚባለውን ፈጣኑን ዓይነት አትግዙ፤ የዚያ ዘመን ቦርዶች አብዛኞቹ ከእሱ ላይ ዊንዶውስ ማስነሳት አይችሉም። 240 ጊጋባይት ለዊንዶውስና ለአንድ ሁለት ጌም ይበቃል፣ 480 ካገኛችሁ ግን ጨምሩና እሱን ውሰዱ። የድሮውን ዲስክ አትጣሉት፣ ለፊልምና ለቀላል ጌሞች ይሁን። ያገለገለ ኤስኤስዲ ከሆነ የምትገዙት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም ከፍታችሁ ጤንነቱን እና የሠራበትን ሰዓት እዩ።

ዊንዶውስ እንደ አዲስ ስትጭኑ ጌሞቹን ደግማችሁ አታውርዱ፣ የኢንተርኔት ጥቅል በከንቱ ይሄዳል። የስቲምን (ጌም የሚገዛበትና የሚወርድበት ፕሮግራም) የጌም ፎልደር ወደ ሌላ ዲስክ ኮፒ አድርጉ፤ ከጭነቱ በኋላ ቦታው መልሳችሁ ስቲም ላይ ኢንስቶል ስትሉት ያለውን አግኝቶ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ጓደኛችሁ ያው ጌም ካለውም በአንድ ዋይፋይ ወይም ገመድ ከእሱ ማሽን ወደ እናንተ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ስቲም ይህን ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይፈቅዳል።

5. ራም

8 ጊጋባይት ዛሬ ጠባብ ነው። 16 አድርሱት፣ ከዚያ በላይ ለዚህ ማሽን ብር ማባከን ነው። አንድ ባለ 8 ስቲክ ካላችሁ ሌላ ባለ 8 ጨምሩ፤ ሁለት መሆናቸው በራሱ ፍጥነት ይጨምራል። ያገለገለ ዲዲአር3 ብዙ ጊዜ በርካሽ ይገኛል፣ ወጥመዱ ግን ብዙ ነው። የሰርቨር ራም የተለመደ ዴስክቶፕ ላይ አይሠራም፣ ረከሰ ብላችሁ አትግዙት። ለኤኤምዲ ብቻ ተብሎ የሚሸጥ ርካሽ ዲዲአር3ም አለ፣ ኢንቴል ማሽን ላይ አይነሳም። የላፕቶፑ ደግሞ አጭር ነው፣ አይገባም። ማሽኑን ወይም ቢያንስ የድሮውን ስቲክ ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው ይሰካና ይነሳ።

6. ፓወር ሰፕላይ፣ ሁሉም የሚዘለው

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ሌላውን ዕቃ ሁሉ ይዞት ሊሞት የሚችለው ይህ ነው።

የኦፕቲፕሌክስ 9020 ትልቁ ኬዝ ይዞት የሚመጣው 290 ዋት ነው፣ ለግራፊክስ ካርድ የተዘጋጀ ተጨማሪ ገመድም የለውም። ማዘርቦርዱ ለካርዱ መሰኪያ የሚሰጠው ኃይል እስከ 75 ዋት ነው። ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩን ሳትቀይሩ የምትገዙት ካርድ ከ75 ዋት የማይበልጥ፣ ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቅ መሆን አለበት። ከሳታ (የዲስክ ኃይል መሰኪያ) ወደ ባለ 6 ፒን የሚቀይረውን ገመድ ሊሸጡላችሁ ይሞክራሉ፤ አትንኩት፣ የሳታ ገመድ ያን ያህል ኃይል እንዲሸከም አልተሠራም፣ ይቀልጣል።

መቀየር ካለባችሁ የዴልና የኤችፒ ነገር ጣጣ አለው። 9020 ማዘርቦርድ ላይ የሚሰካው ዋና ገመድ ባለ 8 ፒን ነው፣ የኤችፒው ባለ 6፣ ሱቅ ያለው የተለመደ ፓወር ሰፕላይ ግን ባለ 24 ነው። መሃል የሚገባ መቀየሪያ ገመድ አለ፤ ፓወር ሰፕላዩን ከመግዛታችሁ በፊት ገመዱን ማግኘታችሁን አረጋግጡ። አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ያለው ኦፕቲፕሌክስ 7010 ላይ ይህ ችግር የለም፣ ባለ 24 ነው።

ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን 500 ወይም 600 ዋት አትመኑ። ጎኑ ላይ ካለው ሠንጠረዥ የ12 ቮልቱን አምፔር ፈልጉና በ12 አባዙት። 18 አምፔር ከሆነ 216 ዋት ነው፣ ሽፋኑ ላይ 500 ቢባልም። ያገለገለ ግን የታወቀ ድርጅት የሠራው፣ ኤይቲ ፕላስ የሚል የኃይል ቅልጥፍና ምልክት ያለበት፣ ከአዲስ ስም የለሽ ይሻላል፤ እዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም።

ዘመድ ከአሜሪካ የሚልክላችሁ ከሆነ ደግሞ ጀርባውን እዩት። አንዳንዱ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለ። 115 ላይ እንዳለ የእኛ 220 ላይ ከተሰካ ወዲያው ይቃጠላል፣ ሌላውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ማብሪያ የሌለውና ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ አትስጉ። መብራት የሚመላለስበት ሰፈር ከሆነ አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ወይም ስታቢላይዘር ከአዲስ ካርድ በፊት ይቅደም እላለሁ።

7. አሁን ካርዱ

ፓወር ሰፕላዩን ለማትቀይሩ ምርጫው ጠባብ ነው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና ጂቲኤክስ 1650፣ ሁለቱም 75 ዋት፣ ሁለቱም 4 ጊጋባይት። እኔ 1650ን እመርጣለሁ። ፈጣን ከመሆኑ በላይ ኤንቪዲያ 1050 ቲአይ ላለበት የ10 ሲሪዝ ካርዶች ለአዳዲስ ጌም የሚያወጣውን ድራይቨር እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2025 አቁሞ ወደ ደኅንነት ማስተካከያ ብቻ አውርዷቸዋል። 1650 ስትገዙ ግን አንዳንዱ ሞዴል ባለ 6 ፒን ስለሚጠይቅ መሰኪያ የሌለውን ፈልጉ። አርኤክስ 6400 የሚባል 53 ዋት ብቻ የሚበላ አለ፣ ቀጭን ኬዝ ውስጥም ይገባል፤ ሆኖም ከቦርዱ ጋር የሚገናኝበት መስመር አራት ብቻ ስለሆነ አሮጌ ማሽን ላይ አቅሙን በሙሉ አይሰጥም። 2ኛ ጀነሬሽን ማሽን ላይማ አልመክርም።

ፓወር ሰፕላዩን ለቀየራችሁ መንገዱ ይሰፋል። ባለ 8 ጊጋባይቱ አርኤክስ 580 አብዛኛውን ጊዜ በርካሽ ይገኛል፣ 185 ዋት ይበላል፣ ይሞቃል፣ ግን 1080 ላይ ብዙ ጌም ያጫውታል። ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር 125 ዋት ብቻ ስለሚበላ ካገኛችሁት ይሻላል። አርኤክስ 6600 ለዚህ ፕሮሰሰር ይበዛበታል፤ ነገ ቦርዱን ለመቀየር ያሰበ ሰው ግን ገዝቶ ይዞት መሻገር ይችላል።

ያገለገለ ካርድ ስትገዙ ኢቴሪየም የሚባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 በካርድ መመረቱ ሲቆም በዚህ የማምረት ሥራ (ማይኒንግ) ላይ የነበሩ ካርዶች በብዛት ወደ ገበያ መውጣታቸውን አስታውሱ። ማይኒንግ የሠራ ካርድ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም፣ ዋጋው ግን እንደ ንጹሕ ካርድ መሆን የለበትም። ሻጩ ፊት ማሽን ላይ አሰኩትና የካርዱን ማንነት የሚያሳየውን ጂፒዩ-ዚን ክፈቱ። 1050 ቲአይ ተብለው የሚሸጡ፣ ውስጣቸው ግን እ.ኤ.አ. የ2010 አካባቢ ካርድ የሆኑ አሉ፤ ፕሮግራሙ ስሙ ፊት ፌክ የሚል ይጽፍባቸዋል። አርኤክስ 580 ከሆነ የሼደሩ (የካርዱ ማስሊያ ክፍሎች) ቁጥር 2304 መሆን አለበት፣ 2048 ካለ የደከመው ዓይነት ነውና ዋጋው ይውረድ። ከዚያ ካርዱን አጨናንቆ የሚፈትነውን ፈርማርክን አሥር ደቂቃ ያህል አስነሱ። ነጠብጣብ፣ መስመር፣ እንግዳ ቀለም ካያችሁ፣ ወይም አንዱ ፋን ካልዞረ ተዉት። በቴሌግራም ከሆነ የምትገዙት ሲሠራ ሳታዩ ቀብድ አትክፈሉ።

ካርዱን ከማስገባታችሁ በፊት የቦርዱን ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) ከአምራቹ ገጽ ወደ መጨረሻው ስሪት አሳድጉ፣ በአሮጌው ላይ አዲስ ካርድ ጥቁር ስክሪን ሊሰጣችሁ ይችላል። ባዮስ እየተጫነ መብራት ከሄደ ቦርዱ ሊሞት ስለሚችል ዩፒኤስ ላይ ሆናችሁ ሥሩት።

8. ፕሮሰሰር፣ እና የት ማቆም እንዳለባችሁ

የ4ኛ ጀነሬሽኑ አይ5-4590 አራት ኮር አራት ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚይዛቸው የሥራ መስመሮች) ነው። እዚያው ሶኬት (የፕሮሰሰሩ መቀመጫ) ላይ የሚገባው አይ7-4770 ወይም 4790 ስምንት ትሬድ አለው፣ ለአዳዲስ ጌሞች ልዩነቱ ይታያል። ዋጋው ረከስ ካለ ግዙት። ከዚህ በላይ በዲዲአር3 ማሽን ላይ ብር አታፍስሱ፣ ከዚህ የሚሻል ትርጉም ያለው ፕሮሰሰር ለዚህ ሶኬት የለም።

ማሽናችሁ ላይ ያለው የኤኤምዲ የመጀመሪያው ራይዘን ፕሮሰሰር ከሆነ ግን ዕድለኞች ናችሁ። ኤኤም4 የሚባለው ሶኬት ከራይዘን 1000 እስከ 5000 ያሉትን ይቀበላል። ቦርዳችሁ የሚችል መሆኑን ከአምራቹ ዝርዝር አይታችሁ፣ ባዮሱን አሳድጋችሁ ራይዘን 5 5600 ብታስገቡ ራሙም ቦርዱም ሳይቀየር አዲስ ማሽን ነው የሚሆንላችሁ።

9. ዊንዶውስ እና ሴቲንግ

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ለግል ተጠቃሚዎች የደኅንነት ማራዘሚያ እስከ ጥቅምት 2026 ተሰጥቷል፣ ተመዝገቡበት። 4ኛ ጀነሬሽን ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበልም። በሌላ መንገድ ብትጭኑት እንኳ ቫሎራንት ዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ ሊከለክላችሁ ይችላል። ስቲም ዊንዶውስ 7 እና 8ን እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ትቷቸዋል።

ጌሙ ውስጥ መጀመሪያ የጥላውን ጥራት አውርዱ፣ ፍሬም የሚበላው እሱ ነው። ቴክስቸርን ካርዱ ሚሞሪ እስከቻለ ከፍ አድርጉት፣ ፍሬም ብዙም አይነካም፣ መልኩን ግን ያሳምራል። ኤፍኤስአር (ምስሉን በትንሹ ሠርቶ የሚያሳድግ ዘዴ) የሚል ምርጫ ካለ ኳሊቲ ላይ አብሩት፤ ኤንቪዲያ ካርድ ላይም ይሠራል። ፍሬሙ ከ45 እስከ 70 የሚዘል ከሆነ 45 ላይ ገድቡት፣ ወጥ ሆኖ ሲሄድ ለዓይን ይለሰልሳል።

አንድ ዕቃ በጨመራችሁ ቁጥር ሌላውን ከማስገባታችሁ በፊት አንድ ሁለት ቀን ተጫወቱበት። ሦስቱን በአንድ ቀን አስገብታችሁ ማሽኑ አልነሳ ቢል ጥፋተኛውን ፍለጋ ትሰቃያላችሁ። የወጡትን ዕቃዎች ደግሞ አዲሶቹ በደንብ መሥራታቸው እስኪረጋገጥ ያዟቸው፤ ከዚያ ሽጧቸው፣ የ750 ቲአይ ፈላጊ አሁንም አይጠፋም፣ ያቺ ብር የዩፒኤሱን ከፊል ትሸፍናለች።